ከጀርባው የተከፈተው ሳጥን

ዱራሜ አጠገብ አንድ እጀ ወርቅ አናጺ ነበር። የእድር ሽማግሌዎች የመዝገብ ሳጥን አዘዙት። ቁልፍ አሠራር ላይ የራሱ ጥበብ ነበረውና ሌላ አናጺ እንዳይቀዳበት ሰጋ። ፊቱን በወፍራም ዋንዛ ሠራው፤ የቁልፉን ሆድ በብረት ለብጦ በብየዳ አሸገው፤ ልኩን ያሰፈረበትን ወረቀትም አቃጠለ። ጀርባው ከግድግዳ ጋር ስለሚገጥም ማን ያየዋል ብሎ ስስ የባሕር ዛፍ ጣውላ መታበት።

ክረምት ላይ ሌባ ገባ። ቁልፉን አልነካውም። ሳጥኑን አዙሮ ጣውላውን ገነጠለና መዝገቡን ይዞ ሄደ። በሳምንቱ ማን ስንት እንዳለው፣ ማን ስንት ዕዳ እንዳለበት ገበያው ሁሉ አወቀ።

አናጺው ሊጠግን ሲመጣ ጣውላው ሲገነጠል የተጣመመው ቁልፍ አልዞር አለው። ልኩ በእጁ የለም፤ ብየዳውም የራሱ ነው። መጥረቢያ ጠየቀ።

የእድሩ ዳኛ መጥረቢያውን እያቀበሉት፣ «ልጄ፣ ጥበብህን ከእኛ ጠበቅክ። የእኛን አደራስ ከማን ጠበቅክልን?» አሉት።

«አባቴ፣ እኔ ያሰብኩት ሌላ አናጺን ብቻ ነበር።»

ዛሬ ሆሳዕና ውስጥ ለአንድ የቁጠባና ብድር ማኅበር በማይክሮሶፍት አክሰስ የአባላት መዝገብ የሚሠራ ወጣት፣ መጀመሪያ የሚፈራው ኮዱን እንዳይቀዱበት ነው። ፍርሃቱ ተገቢ ነው፤ የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996ም ለኮምፒውተር ፕሮግራም ጥበቃ ይሰጣል። ስለዚህ ፋይሉን ወደ ኤሲሲዲኢ ቅርጽ ይቀይራል። ኮዱ ከዓይን ይጠፋል፣ ፎርሞቹ አይነኩም። ሰንጠረዦቹ ግን እንዳሉ ናቸው፤ ሌላ ባዶ ፋይል የከፈተ ሁሉ ይስባቸዋል። ሜኑ መደበቅም ብዙ አያዛልቅም፤ አስቀድሞ ካልተዘጋ በቀር የሺፍት ቁልፍን ተጭኖ ፋይሉን የከፈተ ሰው ያልፈዋል።

እኔን የሚያሳስበኝ ይህ ነው። በሐዲያና በከምባታ ልጁ ደቡብ አፍሪካ ያለ ቤተሰብ ብዙ ነው። የማኅበሩ ሰንጠረዥ የማን ልጅ ገንዘብ እንደሚልክ፣ የትኛው ቤት ብር እንዳለ ያሳያል። ያ ዝርዝር በፍላሽ ከወጣ የሚጎዳው ፕሮግራመሩ አይደለም፤ ብቻዋን የምትኖር እናት ናት። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የወጣውም ለእንዲህ ያለው መረጃ ነው።

መጀመሪያ ፎርሞቹና ሰንጠረዦቹ በሁለት ፋይል ይለዩ። የሰንጠረዦቹ ፋይል በይለፍ ቃል ይመስጠር፤ ከ2007 እ.ኤ.አ. ወዲህ ባለው የኤሲሲዲቢ ቅርጽ የይለፍ ቃሉ ፋይሉን ራሱን ይመሰጥራል፤ የቀድሞው የኤምዲቢ ይለፍ ቃል ግን በቀላሉ የሚሰበር ነበር። ብዙዎች የሚዘነጉት ሌላ ቀዳዳ አለ፦ የፎርሞቹ ፋይል ከሰንጠረዦቹ ጋር ሲያያዝ የይለፍ ቃሉን ሳይመሰጥር በውስጡ ይይዛል። ስለዚህ እሱም መመስጠር አለበት። አቃፊውም በዊንዶውስ ፈቃድ ለሚሠሩበት ሰዎች ብቻ ይከፈት፤ ቅጂው ሌላ ቦታ ይቀመጥ።

የይለፍ ቃሉ በታሸገ ፖስታ ለማኅበሩ ሊቀ መንበር ይሰጥ። ከኤሲሲዲኢ ኮዱን በአክሰስ መልሶ ማውጣት ስለማይቻል፣ ዋናው ኤሲሲዲቢ ከሠሪው እጅ አይጥፋ። ለ64 ቢት የተዘጋጀው በ32 ቢት ኦፊስ ስለማይከፈትም ፍተሻው በራሱ በማኅበሩ ኮምፒውተር ላይ ይደረግ። ሠሪው እዚያው ተቀምጦ ሺፍት ይጫን፣ ባዶ ፋይል ከፍቶ ያለ ይለፍ ቃል ሰንጠረዦቹን ለመሳብ ይሞክር። የአንድ አባል ስም እንኳ ከታየው ሥራውን አያስረክብ።