ጠባሳ ስንት ያወጣል?



«የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳ» ይላሉ አባቶቻችን። ለመሆኑ የወጋውም ያዘመተውም ሲረሳ፣ የተወጋው ሰው ምን ይዞ ይቀርባል? ወረቀት ካለው ወረቀቱን፣ ወረቀት ከሌለው ጠባሳውን ነው። በዚህ እትም የምንመረምረው ጥያቄም ይኸው ነው። የዳነ ቁስል ዕዳ አለውን? ካለውስ ባለዕዳው ማን ነው?

በአገራችን በ1969 ዓ.ም. በታጠቅ ጦር ሰፈር ሠልጥነው ወደ ኦጋዴን የዘመቱ ገበሬዎች አሉ። በ1975 ዓ.ም. በታወጀው ብሔራዊ ውትድርና የተጠሩ ወጣቶች ነበሩ፤ ዛሬ አባቶች ሆነዋል። ከ1990 እስከ 1992 ዓ.ም. በባድመ ጦርነት የተሰለፉም አሉ። ከእነዚህ መካከል አንዳንዶቹ ዲላ ከተማ ውስጥና በዙሪያችን ባሉት ወረዳዎች ይኖራሉ፤ «ልጆቼ፣ እስቲ ይህችን ማመልከቻ ጻፉልኝ» ብለው ወደ እኛ ሲመጡም እናያቸዋለን። ስለዚህ ጥያቄው የሕግ ዐዋቂዎች ብቻ ሳይሆን የእኛም ነው።

በቅድሚያ ሕጉ ምን እንደሚል እንመልከት። በ1955 ዓ.ም. የወጣው የጡረታ አዋጅ ቁጥር 209 ወታደሩንም ያቀፈ ነበር። ከእርሱ በኋላ ከወጡት ሕጎች አንዱ የሆነው አዋጅ ቁጥር 714/2003፣ በሥራ ላይ የደረሰ ጉዳት አበል የሚያስገኘው መጠኑ ከ10 በመቶ ሳያንስ ሲቀር እንደሆነ ደንግጎ ነበር። መጠኑን የሚወስነው የሐኪሞች ቦርድ ነው። በውሳኔው ቅር የተሰኘ ሰው ይግባኝ የሚልበት ጉባኤም ተቋቁሟል። የዚህ አሠራር መለኪያ እንግዲህ የመሥራት ችሎታ ነው። እጁ ይሠራል ወይ? እግሩ ይሄዳል ወይ? ዓይኑ ያያል ወይ?

በዚህ መለኪያ ጠባሳ ብዙ አይመዝንም። ፊቱ በፍንጣሪ የተበላሸ ሰው እጁና እግሩ ደህና ከሆኑ መሥራት ይችላል። ይሁን እንጂ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንድ መልካም ቁም ነገር ይዟል። ጉዳቱ የመሥራት ችሎታን ባይቀንስም እንኳ የሠራተኛውን አካል ወይም መልክ ክፉኛ ካበላሸ፣ ለካሣ ሲባል እንደ ዘላቂ ከፊል የአካል ጉዳት ይቆጠራል። ሕግ አውጪው ሰው ከጉልበቱ በላይ መሆኑን እዚህ ላይ ተገንዝቧል ማለት ነው።

በአሜሪካ ደግሞ ለቀድሞ ወታደሮች ጠባሳው ራሱ ይቆጠራል፣ ይለካልም። የሚያም ወይም ቆዳው ቶሎ ቶሎ የሚላቀቅ ጠባሳ አንድ ወይም ሁለት ከሆነ 10 በመቶ፣ ሦስት ወይም አራት ከሆነ 20 በመቶ፣ አምስትና ከዚያ በላይ ከሆነ 30 በመቶ ይሰጠዋል። በፊት ላይ ያለ ጠባሳ ርዝመቱ 13 ሴንቲ ሜትር መድረሱ፣ መልክን አበላሽቷል ከሚያሰኙት ምልክቶች አንዱ ነው።

«ታዲያ ጠባሳ የሌለበት ማን አለ?» የሚል ይኖራል። እውነት ነው። ቡና ሲጎነድል ገጀራ ያገኘው፣ እንሰት ስትፍቅ የተቆረጠች፣ በልጅነቱ እሳት የነካው፣ በየቤታችን ሞልቷል። የጡረታ ገንዘብም የሌላው ሠራተኛ መዋጮ ስለሆነ እንደ ምንጭ ውኃ አይቀዳም። ለሁሉም ጠባሳ ይከፈል ማለት አይቻልም። ታዲያ የወታደሩን ጠባሳ ከገበሬው ጠባሳ ምን ይለየዋል?

እንደ እኛ አስተያየት ልዩነቱ በትልቅነቱ አይደለም፤ በሥቃዩም አይደለም። ገበሬው ማሳው ውስጥ የቆሰለው በራሱ ፈቃድ ለራሱ ቤት ሲሠራ ነው። ወታደሩ ግን ሌሎች «ሂድ» ብለውት፣ ሌሎች በሰላም እንዲያድሩ ሲል ቆሰለ። የላከ ሰው ለተላከው ኃላፊነት አለበት። ስለዚህ ለጠባሳው የሚሰጠው አበል ዋጋው አይደለም፤ የሰው ቆዳ ዋጋ አይወጣለትምና። ላኪው «እኔ ልኬሃለሁ» ብሎ ማመኑ ነው። አበሉ ጥቂት ቢሆን እንኳ ይህ ቃል ትልቅ ነው። ይግባኝ ባዩ ብዙ ጊዜ የሚመላለሰውም ለብሩ ብቻ ሳይሆን ይህን ቃል ለመስማት ይመስለናል።

ከዚህ ቀጥሎ ከባዱ ነገር ይመጣል፤ እርሱም ማስረጃ ነው። ጠባሳ ቁስል እንደነበረ ይናገራል እንጂ የትና መቼ እንደሆነ አይናገርም። ሐሰተኛ ቢመጣ የእውነተኛውን ድርሻ ይወስዳልና ማስረጃ መጠየቁ ተገቢ ነው። ነገር ግን መዝገቡ ቢጠፋስ? በ1983 ዓ.ም. የቀድሞው ሠራዊት ሲበተን፣ የቀድሞ ሠራዊት አባላትንና የአካል ጉዳተኛ ተዋጊዎችን የሚያቋቁም ኮሚሽን ተቋቁሞ ነበር። ወደ ቀየው የተመለሰው ወታደር ቁጥር ግን ግማሽ ሚሊዮን ይጠጋ ነበር። በዚያ ሁሉ ግርግር የእያንዳንዱ የሕክምና ወረቀት በደህና ተቀምጧል ብሎ መጠበቅ ያስቸግራል።

የመዝገብ መጥፋት በእኛ አገር ብቻ የሚደርስ አይደለም። በ1965 ዓ.ም. በአሜሪካ ሴንት ሉዊስ ከተማ የወታደሮች መዝገብ ቤት ተቃጥሎ ከ16 ሚሊዮን የሚበልጥ ማኅደር ጠፍቷል። የአገሩ ሕግ ግን በውጊያ ላይ የነበረ ሰው መዝገብ ባይገኝለትም፣ ቃሉ ከአገልግሎቱ ሁኔታ ጋር የሚስማማ ከሆነ እንዲሰማ ያዛል። የድጋፉና የተቃውሞው ማስረጃ እኩል ሲሆንም ጥርጣሬው ለወታደሩ ይተረጎማል። በጌዴኦም ሽማግሌዎች በሶንጎ ተቀምጠው ጉዳይ ሲመለከቱ ነገሩን የሚያውቀውን ሰው ቃል ይሰማሉ። ፍርዱ የሚጸናው በምስክርና በመተማመን ነው።

እኛ ከዚህ አንድ መርሕ እናወጣለን። ብዕሩን የያዘው ክፍል ለጠፋው ወረቀት ይጠየቅ። ጠመንጃ ተሰጥቶት ምሽግ ውስጥ የነበረ ወጣት መዝገብ እንዲጠብቅ አልታዘዘም። መዝገብ መጠበቅ የላከው መንግሥት ሥራ ነበር። ስለዚህ ወረቀቱ ሲጠፋ ጉዳቱ በታዛዡ ላይ ብቻ ሊወድቅ አይገባውም። «ያ መንግሥት አልፏል» ማለትም መልስ አይሆንም፤ የታዘዘው በአገር ስም ነውና መንግሥት ቢለወጥም አገሪቱ ትቀራለች።

በሌላ በኩል ዩኒፎርም ሳይለብሱ የቆሰሉም አሉ። በ2010 ዓ.ም. በጌዴኦና በምዕራብ ጉጂ በተነሣው ግጭት በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ከቀየው ተፈናቅሏል። በዚያ የቆሰለ ሰው፣ ከየትኛውም ወገን ይሁን፣ ማንም አልላከውም፤ የሚጠብቀው ግን አጥቷል። ይህም ሌላ ዓይነት ዕዳ ነው። የወታደሩን ዕዳ ስንናገር ይህን መርሳት የለብንም።

እንግዲህ ወጣቶች ሆይ፣ ከእኛ ምን ይጠበቃል? አንደኛ፣ ማመልከቻ ጻፉልን ሲሉን ክፍለ ጦሩን፣ ግንባሩን፣ ዓመተ ምሕረቱንና የታከሙበትን ሆስፒታል በጥንቃቄ ጠይቀን እንጻፍ፤ ያልሆነውንም አንጨምር። ሁለተኛ፣ አብረዋቸው የነበሩ ጓዶች በሕይወት ካሉ ለምስክርነት እንፈልግላቸው። ሦስተኛ፣ የይግባኝ ጊዜው እንዳያልፍ ቀኑን እናስታውሳቸው። አራተኛ፣ «እስቲ ያሳዩን» እያልን ጠባሳቸውን ለማየት አንጓጓ። በቦርድ ፊት ልብስ ማውለቅ ይበቃቸዋል።

ጠባሳ ስንት እንደሚያወጣ የሚተምን ሰንጠረዥ ማዘጋጀት የመንግሥት ድርሻ ነው። ሰውየውን ቃሉን ሰምቶ በክብር ማስተናገድ ግን አዋጅ አይጠብቅም፤ ዛሬውኑ ልንጀምረው እንችላለን።