መንበርከክ በማይፈቀድበት ምድር

ጻድቁ ኢዮብ በመከራው ጽናት ፈጣሪውን ብዙ ነገር ጠይቆ ሳለ ከዐውሎ ነፋስ ውስጥ የመጣለት ቃል መልስ ሳይሆን ሌላ ጥያቄ ነበር፤ ከእነዚያም መካከል ሰው በማይኖርበት ምድር ላይ ዝናምን የሚያወርደው ማን እንደ ሆነ፣ ወደ በረዶውም መዛግብት ገብቶ የተመለከተ ማን እንደ ሆነ የሚጠይቁትን ሁለቱን ከልጅነቴ ጀምሮ ስሰማቸው የኖርሁ ብሆንም፣ ምሥጢራቸው የከበደብኝ ግን ፀጉሬ ከሸበተ በኋላ፣ በምድር ደቡባዊ ዳርቻ፣ በአንዲት የጎማ ጀልባ ጠርዝ ላይ በተቀመጥሁ ጊዜ ነው።

ከአርጀንቲና ከኡሽዋያ ወደብ ተነሥታ የድሬክን መተላለፊያ ማዕበል ሁለት ቀን ስትሰነጥቅ የሰነበተችው መርከባችን፣ ዓሣ ነባሪ አዳኞች «ገነት» ብለው በሰየሙት የአንታርክቲካ ወደብ ስትደርስ፣ ዐሥር ዐሥር እየሆንን ዞዲያክ ወደምትባለው ጀልባ ወረድን። ነጂው ሞተሩን ባጠፋው ጊዜ ዝምታን ስጠብቅ የሰማሁት በምጣድ ላይ እንደሚቆላ ሽምብራ የሚንጣጣ ድምፅ ነበር። በጥንት ዘመን በወደቀ አመዳይ መካከል ተይዞ፣ በላዩ በተከመረው ክብደት ታምቆ የኖረ አየር፣ በረዶው በባሕሩ ውስጥ ሲሟሟ ከእስራቱ እየተፈታ ይወጣል። ነጂው ከውኃው ላይ አንድ ቁራጭ አንሥቶ ሰጠኝ፤ እንደ ብርሌ የጠራ፣ በውስጡ ከመርፌ ቀዳዳ የማይበልጡ አረፋዎች የተበተኑበት ነበር፤ በመዳፌ ሙቀትም አንዱ አረፋ ጠብ ብሎ ሲፈነዳ፣ ማንም ሳይተነፍሰው የኖረ አየር በጣቶቼ መካከል አለፈ። በዚያው ክፍለ ዓለም ሊቃውንት ቆፍረው ባወጡት በረዶ ውስጥ የ800,000 ዓመት አየር ታትሞ ተገኝቷል።

ከፊታችን የቆመው የበረዶ ተራራ ደብር የሚያህል ሲሆን፣ ከውኃ በላይ የሚታየው የጠቅላላው ዐሥረኛ እጅ ያህል ብቻ ነው፤ ከሥሩ የሚወጣውም ሰማያዊ ብርሃን ከሰማይ የተዋሰው መልክ ሳይሆን፣ የጠበቀው በረዶ ቀዩን ብርሃን ውጦ ሰማያዊውን ስለሚለቅ የሚገኝ ነው። በአጠገቡ በተንሳፈፈ የበረዶ ገበታ ላይ፣ ስሙን ብቻ ከኦሪት ዘጸአት የማውቀው አቆስጣ፣ ያውም ነብር የሚሉት ዓይነት፣ ተጋድሞ አንድ ጊዜ አዛጋና ተመልሶ ተኛ። መምጣታችንን ከነገር አልቈጠረውም።

እንግዲህ ይህ ሁሉ ጌጥ ለማን ተዘጋጀ? የሰው ዓይን ይህን ክፍለ ዓለም ለመጀመሪያ ጊዜ ማየቱ የተረጋገጠው በፈረንጆች አቈጣጠር በ1820 ነው፤ ከዚያ በፊት ለነበረው ፍጻሜ ለሌለው ዘመን ሰማያዊው ብርሃን ያለ ተመልካች ሲያበራ ኖሯል። ተመልካች ከሌለ ውበት የለም የሚሉ ፈላስፎች አሉ፤ እኔ ግን በዚህ ነገር ከእነርሱ ጋር አልስማማም። ሠለስቱ ደቂቅ በእቶነ እሳት መካከል ቆመው ውርጩንና አስሐትያውን፣ በረዱንና አመዳዩን፣ በባሕርም የሚመላለሰውን ሁሉ ለምስጋና ሲጠሩ፣ ፍጥረት ከእኛ አስቀድሞ የራሱ ማኅሌት እንዳለው መስክረዋልና።

ሰው ግን ስለ ምድር የተነገረውን «ግዙአት» የሚለውን ቃል ሰምቶ «መግቡአት» የሚለውን ትርጓሜ ዘነጋ። ዲሴፕሽን በምትባለው ደሴት ዳርቻ፣ የዓሣ ነባሪ ስብ ይቀለጥባቸው የነበሩ ጋኖችና የዘይት ማከማቻዎች እስከ ዛሬ ዝገው ቆመዋል፤ በ20ኛው ምእት ዓመት በደቡባዊው የምድር ክፍል የተገደሉት ዓሣ ነባሪዎች 2 ሚሊዮን ያህል ናቸው። ያንን ወደብ ገነት ብለው የሰየሙት ሰዎች የገነትን ፍጥረት በጦር እየወጉ መሆናቸውን ሳስብ ልቤ ያዝናል። ለንግድ የሚደረገው አደን ከ1986 ጀምሮ ከታገደ በኋላ ጎባጣ የሚሏቸው የዓሣ ነባሪዎች ዘር እንደ ገና በዝቷል፤ አንዲቱም ከጀልባችን ጥቂት ክንድ ርቃ ወጥታ በተነፈሰች ጊዜ፣ የትንፋሿ ጠል ፊቴን አራሰው።

ወደ ምድር ከመውረዳችን በፊት ከሌላ ስፍራ ዘር ወይም ደዌ እንዳናስገባ ጫማችንን በመድኃኒት አጠብን፤ በአንድ ስፍራ ከ100 ሰው በላይ በአንድ ጊዜ አይወርድም፤ ወደ ፔንጉዊኖቹም ከ5 ሜትር ይልቅ መቅረብ ክልክል ነው። የወፎች ጉንፋን ወረርሽኝ ከመጣ ወዲህ ደግሞ በምድሩ ላይ መቀመጥም ሆነ መንበርከክ እንደማይፈቀድ መሪያችን ነገረን። ጉልበቴ ሊታጠፍ በቃጣበት በዚያ ስፍራ ይህን ትእዛዝ መስማቴ በመጀመሪያ ከበደኝ፤ ኋላ ግን በዕለተ ሰንበት ስግደት የሌለበትን፣ በመቋሚያ ተደግፎ ቆሞ የሚመሰገንበትን የአባቶቻችንን ሥርዐት አስታወስሁና ቆሜ አመሰገንሁ። ሙሴ በቁጥቋጦው ፊት ጫማውን አወለቀ፤ እኛ ደግሞ አጠብን።

የተሳፈርንባት መርከብ ዘይት አቃጥላ በረዶውን በሚያቀልጠው ሙቀት ላይ ድርሻዋን መጨመሯን፣ በአንድ በጋ የሚመጣውም ተመልካች ከመቶ ሺህ ማለፉን አልሸሽግም። አይቶ ዝም ብሎ የተመለሰ ሰው ጉዞው ሊጸድቅለት አይችልም ብዬ አምናለሁ፤ ይህንንም የምጽፈው ስለዚህ ነው።

ማንም አዲስ የባለቤትነት ጥያቄ እንዳያነሣበት በዚያው በፈረንጆች አቈጣጠር በ1959 ዐሥራ ሁለት መንግሥታት የተዋዋሉለት ይህ ምድር፣ በ1991 በማድሪድ በተፈረመው ስምምነት ማዕድን እንዳይወጣበት ተከልክሏል። ከ2048 ጀምሮ ግን የውሉ አማካሪ አባላት ከሆኑት አገሮች አንዱ እንኳ ቢጠይቅ፣ ስምምነቱ እንደ ገና የሚመረመርበት ጉባኤ ሊጠራ ይችላል፤ በዚያ ጉባኤ የሚቀመጡት ዛሬ በየአገሩ ፊደል የሚቈጥሩ ልጆች ናቸውና፣ ወላጆችና መምህራን ሆይ፣ የበረዶው መዛግብት ባለቤት ማን እንደ ሆነ ከአሁኑ ንገሯቸው።