ፎቶግራፍ ይዋሻልን?

ሠዓሊ በእጁ የሣለውን ስንመለከት ጨምሯል ወይም ቀንሷል ብለን እንጠረጥራለን፤ የፎቶግራፍ መሣሪያ ያነሣውን ግን ያለ ምስክር እንቀበላለን። መሣሪያው ልብ የለውምና አይዋሽም ባዮች ነን። ይህ እምነታችን ምን ያህል የጸና እንደ ሆነ ለመመርመር ከመቱ ከተማ ተነሥቶ በበቾ በኩል ወደ ሶር ፏፏቴ መውረድ ይበቃል።

የሶር ወንዝ ጥቅጥቅ ካለው ደን መካከል ከገደል ይወረወርና ወደ ገባ ወንዝ ይጓዛል፤ ገባም ከብርብር ጋር ተገናኝቶ ባሮ ይባላል። ከፏፏቴው ፊት የቆመ ፎቶግራፍ አንሺ አስቀድሞ የሚያስበው ስለ ብርሃን ነው። በቀትር አረፋው ከመጠን በላይ ይነጣል፤ ደኑም ይጠቁራል፤ ስለዚህ ማለዳውን ወይም ደመና የሸፈነውን ሰዓት መምረጥ ይገባዋል። ፍንጣቂው የመሣሪያውን መስተዋት ስለሚያለብሰው ደረቅ ጨርቅም አይለየው። ከዚህ በኋላ ግን ጥያቄው ይከብዳል። መሣሪያውን በባለ ሦስት እግር መቆሚያ አጽንቶ መዝጊያውን ለግማሽ ሴኮንድ ቢከፍተው፣ ውሃው እንደ ተባዘተ ጥጥ ሆኖ ይወጣል፤ ለአንድ ሺሕኛ ሴኮንድ ብቻ ቢከፍተው ደግሞ ጠብታው ሁሉ እንደ ብርጭቆ ስባሪ በአየር ላይ ቆሞ ይታያል። ከሁለቱ አንዱንም የሰው ዓይን አላየውም። እንግዲህ ሶር የትኛው ነው?

በዚህ ምክንያት አንሺውን ሐሰተኛ ልንለው አንደፍርም፤ ተመልካቹ ውሃ ጥጥ አለመሆኑን ያውቃልና። ነገሩ የሚለወጠው ተመልካቹ የማያውቀው ነገር ሲሸሸግበት ነው።

በዚያው በኢሉባቦር የሚገኘው የያዩ የቡና ደን በ2002 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ተብሎ ተመዝግቧል። ስፋቱ ከ160 ሺሕ ሔክታር ይበልጣል፤ ቡና ዘሪ ሳይኖረው በዱር ከሚበቅልባቸው ጥቂት የዓለም ሥፍራዎችም አንዱ ነው። እንግዳው አንሺ ወደዚህ ደን ሲገባ በዛፍ ላይ የተሰቀለውን ቀፎና የቡና ለቃሚዋን ቅርጫት ከሥዕሉ ዳር ለማስወጣት አንድ እርምጃ ወደ ግራ ይላል። ከግርጌውም «ሰው ያልነካው ደን» ብሎ ይጽፋል። በሥዕሉ ውስጥ ያለው ቅጠል ሁሉ እውነተኛ ነው፤ ጠቅላላው ግን ሐሰት ነው። የደኑ እምብርት ለጥበቃ ብቻ የተተወ ቢሆንም፣ በዙሪያው ያለውን የጥላ ዛፍ ከመጥረቢያ ያተረፈው ቡናውና ማሩ ነው፤ ቁጥቋጦውን እየመነጠረ የኖረውም ገበሬው ነው። ይህን ሥዕል በሩቅ ከተማ ያየ ባለሥልጣን ደኑን ለመጠበቅ ገበሬውን ማስወጣት ይበቃል ብሎ ቢወስን፣ ለውሳኔው ማስረጃ የሆነው ያ አንድ እርምጃ ነው።

ውበትን ብቻ የሚሻ ሰው ምን ዕዳ አለበት የሚሉን ይኖራሉ። ሥዕሉን በቤቱ ግድግዳ ሰቅሎ ቢደሰትበት እኛም አንከሰውም፤ በየሥዕሉ ቀፎ ይግባ የሚል ሕግ ማውጣትም አያምረንም። ለቃሚዋም ብትሆን ሳትፈቅድ መነሣት የለባትም። ክርክራችን ከግርጌው ስለሚጻፈው ቃል ነው። በጥቅምትና በኅዳር፣ በለቀማው ወራት ወደ ያዩ የሚሄድ አንሺ ያንን ቃል ከመጻፉ በፊት ቀፎው የማን እንደ ሆነ ቢጠይቅ፣ መልሱን የሚሰጠው ሰው ከዛፉ ሥር አያጣም።