በእንሰት አገር የስንዴ ቅንጣት

ከቦንጋ ወደ ምዕራብ ተጉዞ ቢታ ገነት የደረሰ መንገደኛ፣ በከተማይቱ ስም ላይ ጥቂት ቢያሰላስል አያስደንቅም። የስሙ አንደኛው ወገን የአገሩ ነው፤ ሁለተኛው ወገን ግን አዳም ከተባረረበት፣ በጌታ ቀኝ የተሰቀለው ወንበዴም ከገባበት ሥፍራ የመጣ ቃል ነው። እንደ ክርስትና ትምህርት ከሆነ በአዳም መውጣትና በወንበዴው መግባት መካከል የቆመው አንድ ሞት ነው። ታዲያ የአንዱ ሞት ሌላውን የሚያድነው እንዴት ነው? ሟቹ ባይነሣስ ሞቱ ብቻውን ያድን ነበርን? ጥያቄው የሊቃውንት ብቻ አይደለም። የሚወደውን ቀብሮ ከመቃብር የተመለሰ ሰው ሁሉ፣ ይወቀው አይወቀው፣ ጠይቆታል።

በዮሐንስ ወንጌል ክርስቶስ ስለ ሞቱ ሲናገር በምሳሌነት ያነሣው በምድር ላይ የምትወድቀውን የስንዴ ቅንጣት ነው። ይህ ምሳሌ ለጎጃምና ለሸዋ ገበሬ ማብራሪያ አያሻውም፤ በየዓመቱ በእጁ ይበትነዋልና። የካፋ ገበሬ ግን ከጥንት ጀምሮ ቤቱን ያቆመው በእንሰት ነው፤ እንሰት ደግሞ በልማድ ዘሩ አይዘራም። ከጥቂት ዓመት ያልበለጠው ተክል ይነቀልና ግንዱ ይቆረጣል፤ ከዚያም የአምቾው እምብርት፣ ማለትም የሚያድግበት ልብ፣ ተፈልፍሎ ይወጣል። ባዶው ሥፍራ በአፈርና በፍግ ተሞልቶ አምቾው ይቀበራል። ከወራት በኋላ ከዙሪያው ብዙ ችግኝ ይፈላል። ልቡ ካልወጣለት ግን ያን ያህል አያቆጠቁጥም፤ ማደጊያው እያለ ጎኖቹን ያፍናቸዋልና። ለካፋ ሰው ስለ ፋሲካ የሚሰብክ ሁሉ ይህን ቢያስታውስ ከስንዴው ይልቅ የቀረበ ምሳሌ ያገኛል።

ይሁን እንጂ ምሳሌው የቀረበውን ያህል ያሳስታል። እናቲቱ እንሰት አትመለስም፤ የሚነሡት ልጆቿ ናቸው። ትንሣኤ ማለት ይህ ብቻ ቢሆን ኖሮ ማንም አያት በልጅ ልጁ ተነሥቷል ባልን፣ ሃይማኖትም ባላስፈለገን ነበር። የክርስትና እምነት ግን የሚያስቸግረውን ነገር ይናገራል፤ የሞተው ራሱ፣ በገዛ ሥጋው፣ ተመልሶ ቆመ ይላል። ሌላም ልዩነት አለ፤ እንሰቷ ልቧን ሰጠች ሲባል በምሳሌ እንጂ በእውነት አይደለም፤ ተወሰደባት እንጂ አልሰጠችም። በሰጠና በተወሰደበት መካከል ያለው ልዩነት የዚህ ጽሑፍ ዋና ጉዳይ ስለሆነ ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

የጥንት ሊቃውንት ነገሩን በአንድ ዓይነት መንገድ አልተረጎሙትም። ካንተርበሪያዊው አንሰልም እ.ኤ.አ. በ1098 በጨረሰው መጽሐፉ የመስቀሉን ሞት ለእግዚአብሔር ክብር የተከፈለ ካሣ አድርጎ አቀረበው። ለእኛ ቤተ ክርስቲያን የመጀመሪያውን ጳጳስ አባ ሰላማን የሾመው የእስክንድርያው አትናቴዎስ ግን ይበልጥ የሚያተኩረው በሞት ላይ ነው፤ በእርሱ አስተሳሰብ ሰው ወደ ጥፋት እየወረደ ስለነበር ቃል ሟች ሥጋን ለበሰ፣ ሞትም በዚያ ሥጋ ላይ መጥቶ ኃይሉን ጨረሰ። የመጀመሪያው አነጋገር ሂሳብ ይመስላል፤ ሁለተኛው ግን ሕመምተኛን ከውስጥ የማዳን ሥራ ይመስላል። እኔ የማደላው ለሁለተኛው ነው። ዕዳ በተከፈለ ጊዜ ወረቀቱ ይቀደዳል፣ ነገሩም ይረሳል፤ በትንሣኤ ግን የተረሳ ነገር የለም። ቶማስ የዳሰሰው ቁስሉን ነው። ከፋሲካ ቀጥሎ ያለው እሑድ፣ ዳግም ትንሣኤ፣ የሚታሰበው በዚህ ቁስል ነው። ሞትን ድል ያደረገው ሰው ችንካሩ የገባበትን ሥፍራ አልደፈነውም።

ይህን ይዘን ወደ ካፋ ታሪክ እንመለስ። ክርስትና ወደዚህ አካባቢ በዐፄ ሠርፀ ድንግል ዘመን (እ.ኤ.አ. 1563–1597) በእናርያ በኩል እንደ ዘለቀ ይነገራል። እ.ኤ.አ. ከ1859 እስከ 1861 በካፋ የተቀመጠው ኢጣሊያዊው ሚሲዮናዊ አባ ማስያስ የዚያን ክርስትና ቅሪት አግኝቷል። የውጭ አገር መንገደኞች እየተቀባበሉ የጻፉት አንድ ወሬም አለ፤ ጳጳሱ ወደ ሩቁ ካፋ መሄድ ባይችል ትንፋሹን በአቁማዳ ሞልቶ ላከ፣ እዚያም ሲደርስ አፉ ተፈትቶ ካህናት ተሾሙበት ይላል። ብዙዎች ለመሳቂያ ተርከውታል። እኔን ግን አያስቀኝም። እውነትም ይሁን ተረት፣ በዚህ ወሬ ውስጥ መዳን የሚመጣው በትንፋሽ ነው፤ ተሸካሚዎቹም ከአቁማዳው በቀር ሌላ ነገር አልያዙም።

በ1889 ዓ.ም. የመጣው ግን ሌላ ነበር። በራስ ወልደ ጊዮርጊስ የተመራው ጦር ወራት ከፈጀ ውጊያ በኋላ፣ በዘመን መለወጫ ሰሞን፣ የመጨረሻውን የካፋ ንጉሥ ጋኪ ሸሮቾን ማረከ። ንጉሡም ዘመኑን በግዞት ፈጸመ። በጦርነቱና ከዚያ በኋላ በመጣው ረሃብ፣ በሽታና የባሪያ ንግድ ሕዝቡ ክፉኛ ተመናመነ። ከጦሩ ጋር ታቦትና ካህናት መጡ፤ አብያተ ክርስቲያናት ተተከሉ፤ ሞት ተሸንፏል የሚለው የምሥራች ሙታኑ ገና ባልተቆጠሩበት አገር ተሰበከ።

እዚህ ላይ አንባቢን አንድ ነገር እጠይቃለሁ፤ ሞት ድል ተነሥቷል ብሎ የመናገር መብት ያለው ማን ነው? የምሥራቹ በአሸናፊ አፍ ሲነገር የሌላውን ሞት ሊያረክስ ይችላል፤ ልቧ እንደ ተፈለፈለው እንሰት፣ «ሞታችሁ ፍሬ አፈራ» ወደ ማለት ይወርዳል። በዚህ ምክንያት ግን እምነቱን ራሱን ሐሰት ነው ማለት ትክክል አይመስለኝም። የካፋ ሰው የወንጌሉን ቃል ተቀብሎ የራሱ አድርጎታል፤ ዛሬ በቢታ ገነት የሚያስቀድሰው ገበሬ የማንም ምርኮኛ ሆኖ አይደለም። ስሕተቱ ያለው ቁስል የሌለበት ትንሣኤ በመስበክ ላይ ነው። የተበደለውን «ያለፈውን እርሳው» የሚል ሰባኪ ቶማስን እጁን ሰብስብ እንደማለት ይቆጠራል።

በሰጠና በተወሰደበት መካከል ስላለው ልዩነት ምሳሌ ለመፈለግ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በ1921 ዓ.ም. ከተሾሙት የመጀመሪያዎቹ ኢትዮጵያውያን ጳጳሳት አንዱ አቡነ ሚካኤል መንበራቸው ከካፋ ጎን ባለችው በጎሬ ነበር። በ1929 ዓ.ም. የፋሺስት ጦር ገደላቸው፤ አቡነ ጴጥሮስ በአዲስ አበባ ከተረሸኑ ብዙም ሳይቆይ መሆኑ ነው። የሰማዕት ሞት እንደ ክርስቶስ ሞት ቤዛ አይባልም። ሰማዕቱ የሚሞተው ሌላውን ለማዳን ሳይሆን ራሱ ስለ ዳነ ነው። ሞት ተሸንፏል የሚለውን ቃል የሚናገረው በገዛ አንገቱ ላይ እንጂ በጎረቤቱ አንገት ላይ አይደለም። ለዚህ ነው ቃሉ በእርሱ አፍ የማይከብደን።

ለተራው ምእመንም ቤተ ክርስቲያኒቱ ይህን ልምምድ አላጓደለችበትም። በሰሙነ ሕማማት ፍትሐት አይደረግም፤ በዚያ ሳምንት የሚሞት ሰው ያለ ፍትሐት ይቀበራል። ስለዚህ ጸሎቱ አስቀድሞ በሆሣዕና ዕለት ለተሰበሰበው ሕዝብ ሁሉ ይደርሳል። ከእነዚህ መካከል ማን እስከ ፋሲካ እንደማይደርስ አይታወቅምና፣ ሽማግሌውም፣ ሙሽራዪቱም፣ በእናቱ ጀርባ ያንቀላፋውም ሕፃን በቁማቸው ይፈታላቸዋል። ከዚያ በኋላ ሕዝቡ ዘንባባውን በእጁ ይዞ ይበተናል፤ ልጆቹም በመንገድ ላይ ዘንባባውን እየሰነጠቁ ለጣታቸው ቀለበት ይሠሩበታል።