ብዕር የተነሳው ከታማሚው ላይ ነው



«መድኃኒቱን አልውጥ ብሎ አስቸገረን፤ ሳያውቅ በቡናው ብንጨምርለትስ?» የአእምሮ ሕክምና ነርሶች ይህን ጥያቄ ከእናቶች አፍ ደጋግመን እንሰማዋለን። ጠያቂዋ ክፉ አይደለችም፤ የምትሻው የልጇን መዳን ነው። ሆኖም ጥያቄው የሕክምና ብቻ ሳይሆን የአማናም ጥያቄ ነውና ልናጤነው ይገባል።

ቀደም ባለው ዘመን ነርስን እንዲህ ብሎ የሚጠይቅ አልነበረም። በብዙ አገሮች የአእምሮ ሕሙማን ጠባቂ ሥራው በር መቆለፍ፣ ማብላትና ሕመሙ ሲነሳ ማሰር ነበር። በ1952 (እ.ኤ.አ.) ክሎርፕሮማዚን የተባለው መድኃኒት ፈረንሳይ ውስጥ ለእነዚህ ሕሙማን መሰጠት ሲጀምር ሥራውም ይለወጥ ጀመር። በአገራችን በአማኑኤል ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ነርሶች ሥልጠና በ1987 (እ.ኤ.አ.) ተከፈተ። በዘርፉ ስፔሻሊስት ሐኪሞችን አገር ውስጥ ማሠልጠን የተጀመረው ግን በ2003 (እ.ኤ.አ.) ነው። በዚህም የተነሳ ከአዲስ አበባ ውጭ ባሉ ሆስፒታሎች መርምሮ መድኃኒት የሚሰጠው ብዙውን ጊዜ ነርሱ ሆነ። ትናንት ቁልፍ ያዥ የነበረው ዛሬ ወሳኝ ሆኗል ማለት ነው።

ሸሪዓችን አቅሉን ከሳተ ሰው ላይ ብዕር መነሳቱን ያስተምረናል፤ በዚያ ሁኔታ በሠራው አይጠየቅም። ብዙዎቻችን ግን ከዚህ የተሳሳተ መደምደሚያ እንወስዳለን። እርሱ ካልተጠየቀ እኛም በእርሱ ላይ በምናደርገው የማንጠየቅ ይመስለናል። ብዕር የተነሳው ከታማሚው ላይ እንጂ ከእኛ ላይ አይደለም። እንዲያውም ራሱ ሊሟገት የማይችል ሰው ሐቅ በቂያማ ቀን ይበልጥ ያስፈራል።

ቀደምቶቻችን ይህን ያውቁ ነበር። ሱልጣን ቀላውን በ1284 (እ.ኤ.አ.) ካይሮ ውስጥ ባሠራው ቢማሪስታን የአእምሮ ሕሙማን የራሳቸው ክፍል ነበራቸው፤ የአስታማሚዎቹም ደመወዝ ከወቅፍ ይከፈል ነበር። እርግጥ በየቢማሪስታኑ ሰንሰለትም አልጠፋም። ይሁንና እብዱ ከበሽተኞች እንደ አንዱ ተቆጥሮ መታከሙ ትልቅ ነገር ነው።

ወደ ቡናው እንመለስ። «ዶሩራ ነው» የሚል ይኖራል። ራሱን ወይም ሌላውን ሊገድል የተነሳን ሰው ይዞ ማከም በእርግጥ ግድ ይላል። ነገር ግን ዶሩራ ልክ አለው፤ አደጋው ሲያልፍ እርሱም ያልፋል። የየዕለት ማታለል ዶሩራ አይደለም። ደግሞም ከእነዚህ ሕሙማን ብዙዎቹ «መርዝ ያበሉኛል» ብለው ይሰጋሉ። በድብቅ መድኃኒት ስንጨምርበት ጥርጣሬውን እውነት አደረግንለት። እንደ ሃሎፔሪዶል ያለው መድኃኒት አንገቱን ሲያገትረው ምክንያቱን አያውቅም፤ ያወቀ ዕለት ደግሞ የእናቱን ቡና ዳግም አይቀምስም።

ታዲያ ምን ይደረግ? ሕመሙ ጋብ ሲልለት ቁጭ ብላችሁ ጠይቁት። የጠላው ክኒኑን ነው ወይስ የሚያመጣበትን ድካም? መጠኑ ሊቀነስ፣ ዓይነቱ ሊለወጥ፣ ከፈቀደም በየወሩ በሚወሰድ መርፌ ሊተካ ይችላል። «ሕመሙ ዳግም ቢነሳብህ ምን እናድርግልህ?» ብላችሁ ቃሉን ተቀበሉ። ያን ቃል መጠበቅ የነርሱም የቤተሰቡም አማና ነው።

ቁርኣን ይቀራለት፤ ሩቅያም ይደረግለት፤ ከመድኃኒቱ ጋር አይጣላም። ኢማሞቻችንም ይህን በኹጥባቸው ቢያነሱልን በየጓዳው የታሰረው ወገናችን ከሰንሰለቱ የሚፈታበት ቀን ይቀርባል። ነርስ ለብቻው ይህን አይችለውም፤ እቤት ውስጥ ከታማሚው ጋር የሚያድረው ቤተሰቡ ነውና።

ወላሁ አዕለም።