መልእክተኛው

በድሮ ዘመን ነው አሉ። አንድ ባላባት ከአባይ ማዶ የሚመጣ ደብዳቤ ይጠብቅ ነበር። ደብዳቤውን የያዘው መልእክተኛ ዘጠኝ ወር ሙሉ ቆላ ወርዶ፣ ደጋ ወጥቶ፣ በመጨረሻም የሞላ ወንዝ ተሻግሮ ሌሊት ከደጅ ደረሰ።

ደብዳቤውን ተቀበሉት። ማኅተሙን እያገላበጡ አዩ፣ ተሳሳሙ፣ እልልታው ቀለጠ፣ ሙክት ታረደ። መልእክተኛውንም «እሰይ፣ እንኳን ደረስክ!» ብለው ከመደቡ ላይ አስቀመጡትና አንድ ጣባ ገንፎ ሰጡት።

ጓዳ የምትሠራ አንዲት ሴት ብቻ ኩራዝ ይዛ ጠጋ አለች። ፊቱ ነጥቷል።

«ወንድሜ፣ ምነው?»

«ደህና ነኝ። ደስ ብሏቸዋል አይደል?»

እሷ በቃሉ አልረካችም። ጋቢውን ገልጣ እጇን ብትሰድ የተቀመጠበት አጎዛ ርሷል። ወንዙን ሲሻገር ድንጋይ የመታው ጎኑ እየደማ ኖሯል። ጨርቅ ጠቅጥቃ በመዳፏ ተጫነችው፤ እስኪቆምም አልለቀቀችውም።

ሲነጋ ባላባቱ ወጣና «ጎበዝ ነው፤ በሳምንቱ ለሁለተኛው ደብዳቤ ይነሳ» አለ። ሽማግሌዎቹም «ደግ ብለዋል» አሉ። ሴትየዋ «ጌታዬ፣ ቁስሉን ልጠብለት፣ ቤቱን ይልቀቁልኝ» ብላ ሁሉንም አስወጣች። በሩን ዘጋችና ጠየቀችው፦ «አንተስ መቼ መሄድ ትፈልጋለህ? ወይስ ይበቃሃል?» መልእክተኛው በመጀመሪያ ወደ በሩ አየ። እንዲህ ብሎ የጠየቀው ሰው ስላልነበረ መልሱ ቶሎ አልመጣለትም።

መልእክተኛው ወላድ ናት፤ ባለ ኩራዟም አዋላጅ ነርስ።

ከወሊድ በኋላ በደም መፍሰስ የሚሞቱት አብዛኞቹ እናቶች የሚሞቱት በመጀመሪያዎቹ 24 ሰዓታት ነው፤ ሁሉም ሰው ልጁን በሚያይበት ሰዓት ማለት ነው። ነርሷ ልጁ እንደወጣ 10 ዩኒት ኦክሲቶሲን ትወጋታለች። ከዚያ በየ15 ደቂቃው ሆዷን እየዳበሰች ማህፀኗ መጠንከሩን ታረጋግጣለች፤ ከሥሯ ያለውንም ጨርቅ ታያለች። «ደህና ነኝ» የሚለው ቃል ብቻ አይበቃትም። ልጁም አይረሳም፤ ተጠራርጎ እናቱ ደረት ላይ ይተኛል፣ እንገሩን በመጀመሪያው ሰዓት ይጠባል፣ ገላው 24 ሰዓት እስኪሞላው አይታጠብም። ቅቤ ማላሱንስ፣ አያቶች ይቅር ይበሉንና፣ ይቅር።

ለእኔ የሚከብደው ግን በሩ ተዘግቶ የተጠየቀው ሁለተኛው ጥያቄ ነው። በአማትና በባል ፊት «የወሊድ መከላከያ ትፈልጊያለሽ?» ከተባለች የምትመልሰው እሷ አይደለችም። ብልህ ነርስ አማትየዋን ልብስ እንድታመጣ ትልካታለች። «የወር አበባዬ ገና አልመጣም፣ አያሰጋኝም» የምትል ወላድም ብዙ ናት። እንቁላሉ ግን ከአበባው ቀድሞ ይወጣልና አበባ ሳታይ ልታረግዝ ትችላለች። ጡት ማጥባት የሚከላከልላት ልጁ ስድስት ወር ሳይሞላው፣ ቀንም ሌትም ጡት ብቻ እየጠባ፣ አበባዋም ካልተመለሰ ነው፤ ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ አያስተማምንም። ክንድ ላይ የሚቀበረው መከላከያ ከጤና ጣቢያ ሳትወጣ ሊደረግላት ይችላል፤ ማጥባትም አይከለክላትም። ሉፕም በሠለጠነ ባለሙያ በ48 ሰዓት ውስጥ ይገባል። የዓለም ጤና ድርጅት ከወሊድ እስከ ቀጣዩ እርግዝና ቢያንስ 24 ወር ይቆይ ይላል። ሁሉንም ሰምታ «አልፈልግም» ብትልም መልስ ነው፤ ዋናው የራሷ መሆኑ ነው።

አራስ ጥየቃ የምትሄዱ ሁሉ፣ ልጁን ከመሳማችሁ በፊት እናቲቱን ጠይቋት። ደሟ በሰዓት አንድ ሞዴስ የሚያርስ ከሆነ፣ ራሷን ካዞራት ወይም ካተኮሳት፣ ገንፎውን ትታችሁ ቶሎ ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዷት።