የአንበሳ ወዳጅ ማነው?

ሰው አንድን ነገር እወዳለሁ ሲል ፍቅሩ የሚመዘነው ስለዚያ ነገር በሚከፍለው ዋጋ ነው። ምንም ሳይከፍሉ መውደድ ለሁሉም ይቀላል፤ ከፍሎ መውደድ ግን መልካም ምግባር ይባላል። ይህንንም በአንበሳ ምሳሌ እንመልከተው።

እኛ ኢትዮጵያውያን አንበሳን እናከብራለን። ምስሉን በሳንቲማችን ላይ ቀርጸነዋል፤ ሐውልቱን በአዲስ አበባ አቁመንለታል፤ ደፋሩንም ሰው ስናመሰግን «አንበሳ!» እንለዋለን። ነገር ግን ሕያው አንበሳ የሚኖረው በደን ውስጥ፣ የገበሬ ጎረቤት ሆኖ ነው። ከሚዛን ተፈሪና ከቴፒ አንሥቶ እስከ ከፋ ድረስ፣ ሰው በዛፍ ጥላ ሥር ቡና የሚለቅምበት፣ ማር የሚቆርጥበት፣ ኮረሪማ የሚሰበስብበት ደን የነብርም ቤት ነው፤ በከፋ ደን አንበሳ መኖሩም በፎቶግራፍ ተረጋግጧል። የከፋ ደን በ2002 ዓ.ም.፣ የሸካ ደን በ2004 ዓ.ም.፣ ሰውና ተፈጥሮ አብረው የሚጠበቁባቸው ሥፍራዎች ተብለው በዩኔስኮ ተመዝግበዋል።

እንግዲህ ነብር በሌሊት ከአንዲት ድሀ ሴት በረት ገብቶ ያለቻትን አንዲት ጥጃ ቢወስድባት ምን እንበላት? «አታስገድይው፤ የሀገር ሀብት ነው» ብንላት እውነት ተናግረናል። ዳሩ ግን ሀብቱ የሀገር ከሆነ ኪሣራውም የሀገር ሊሆን ይገባዋል። ሁላችን የምንኮራበትን አውሬ እርስዋ ብቻዋን በጥጃዋ ስትቀልበው፣ እኛ በሩቅ ሆነን ጨካኝ ብንላት ፍርደ ገምድል እንሆናለን።

ምናልባት አንዱ፣ «እንግዲያውስ አውሬው ይገደልና ሰው ይረፍ» ይል ይሆናል። ይህም አያዛልቅም። ነብር ከርከሮንና ዝንጀሮን ያድናል፤ እነዚህ ሲበዙ በቆሎውንና ጎደሬውን የሚያጠፉት የዚያችው ሴት ነው። ደግሞም አውሬው ወደ በረት ፊቱን የሚያዞረው ደኑ ሲመነጠርና ድኩላው በአደን ሲያልቅበት ነው። በዚህ ረገድ የእኛም እጅ አለበት።

በቀድሞ ዘመን አንበሳ የገደለ ሰው ጎፈር አሥሮ ይፎክር፣ ሕዝቡም ያከብረው ነበር። በኬንያ የሚኖሩት ማሳዮችም እንዲሁ ነበሩ። ነገር ግን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2007 በአምቦሴሊ አካባቢ አዲስ ሥራ ተጀመረ፤ ይኸውም ጎልማሶቻቸው፣ ከእነርሱም ቀድሞ አንበሳ የገደሉ፣ ደመወዝ እየተከፈላቸው የአንበሳውን ዱካ ይከተላሉ፤ ያለበትንም ሥፍራ ለእረኞች ይነግራሉ፤ የጠፋ ከብት ይፈልጋሉ፤ የላላ በረት ያጠብቃሉ። ጀግንነታቸው አልቀረም፤ መልኩን ለወጠ እንጂ። እነዚህን ሰዎች ለጥበቃ ያበቃቸው ስብከት ብቻ ሳይሆን፣ ሸክሙን የሚጋራቸው በመገኘቱ ነው።

አባቶቻችን «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ብለዋል። ዛሬ ደግሞ አንበሳው በሕይወት እንዲኖር ማበር ያስፈልገናል። መንደሩ በረቱን በደቦ ይጠር፤ የቡናውና የማሩ ማኅበር ከትርፉ ጥቂት ይመድብ፤ ከተሜውም የድርሻውን ያዋጣ፤ ጥጃዋ የተበላባት ሴት ሌላ ጥጃ ታግኝ።

አንተም ወጣት አንባቢ፣ አንቺም እኅቴ፣ በሳንቲሙ ላይ ያለውን አንበሳ ባያችሁ ጊዜ፣ «ስለዚህ አውሬ የሚከፍለው ማነው? የእኔስ ድርሻ የት አለ?» ብላችሁ ራሳችሁን ጠይቁ። የአንበሳ ወዳጅ ማለት ለዚህ ጥያቄ በሥራው የሚመልስ ሰው ነው።